ሸረሪት ጎታቿ ተርብ ዘመዷ ማን ነው?

ለንባብ ቡድኖች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንዲት ተርብ ነው። ነገሩን የምንጀምረው ግን ከራሳችን ስህተት ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ ቀበሌ ከንባብ ቡድን ጋር በዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጠን ነበር። ንባቡ ሊያልቅ ሲል አንዲት ሰውነቷ ጥቁር፣ ክንፏ ቀላ ያለ ተርብ በመካከላችን አለፈች። ከእርሷ የሚበልጥ ሸረሪት በአፏ ነክሳ ወደ ኋላዋ እየሄደች ትጎትታለች። ሸረሪቱ አይንቀሳቀስም። ሁላችንም መጽሐፉን ትተን እርሷን ማየት ጀመርን።

አንድ ሽማግሌ «ይህች እኮ በቤታችን ግድግዳ ላይ ጭቃ ከምትሠራዋ ጋር እህትማማች ናት። ያቺም ሸረሪት ትወስዳለች» አሉ። አጠገባቸው የተቀመጡ አንዲት እናት ግን አልተስማሙም። «የለም አባባ» አሉ። «እኔ የጭቃውን ቤት ስንት ጊዜ ሰብሬ አይቻለሁ። ያቺ በአንዱ ጓዳ ውስጥ ብዙ ትናንሽ ሸረሪት ነው የምታጭቀው። ይህች ግን አንድ ትልቅ ብቻ ይዛ ትሄዳለች። እህትማማች ከሆኑ የልጆቻቸው አስተዳደግ ለምን ተለያየ?»

ሁሉም ወደ እኛ ዞሩ። እኛም ብዙ ሳናስብ «ሁለቱም ተርብ ናቸው፤ ሁለቱም ሸረሪት ያድናሉ፤ ስለዚህ እህትማማች ናቸው» ብለን መለስን። እኚያ እናት ዝም አሉ። ነገር ግን መልሱ እንዳልገባቸው ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መጻሕፍት አገላብጠን ነገሩን መረመርነው። ያን ቀን የሰጠነው መልስ ስህተት ሆኖ ተገኘ። በአደባባይ የተሳሳተ ሰው ማረምም ያለበት በአደባባይ ነው። ስለዚህ ይህን ንግግር አዘጋጀን።

ሁለቱን ተርቦች ለይተን እንወቅ

ነገሩ እንዳይምታታብን ለሁለቱ ተርቦች መጠሪያ እንስጣቸው። ሸረሪቱን በምድር ላይ የምትጎትተውን «ጎታቿ» እንበላት። በግድግዳና በጣሪያ ሥር የጭቃ ቤት የምትሠራውን «ጭቃ ሠሪዋ» እንበላት።

ጎታቿ እግሯ ረጅም ነው። አንድ ቦታ አትረጋም፤ ክንፏን እያርገበገበች ወዲያና ወዲህ ትሯሯጣለች። በድንጋይ ሥር፣ በስንጥቅና በጉድጓድ ውስጥ እየገባች ሸረሪት ትፈልጋለች። ስታገኝ ትነድፈዋለች። መርዟ ሸረሪቱን አይገድለውም፤ ሽባ ያደርገዋል። በዚህ ውስጥ ትልቅ ብልሃት አለ። የሞተ ሥጋ ቶሎ ይበሰብሳል። ሽባ የሆነው ሸረሪት ግን ነፍሱ ስላልወጣች ለብዙ ቀን ሳይበላሽ ይቆያል።

ከጎታቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ ሸረሪቱን ይይዛሉ፤ ጉድጓዱን የሚቆፍሩት ከዚያ በኋላ ነው። ጎታቿ ሸረሪቱን ወደ ጉድጓዱ ታስገባና በሆዱ ላይ አንድ እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ ጉድጓዱን በአፈር ደፍና ትሄዳለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ያን አንድ ሸረሪት እየበላ ያድጋል። አድጎ ሲጨርስ እንደ ሐር ያለ ክር በራሱ ላይ ይጠቀልላል። በዚያ ውስጥ ሆኖ መልኩን ይለውጥና ክንፍ ያለው ተርብ ሆኖ ይወጣል። ሸረሪቱ የልጅ ስንቅ ነው። የእናቲቱ የራሷ ምግብ ግን በአብዛኛው ከአበባ የምትቀስመው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው።

ጭቃ ሠሪዋ ደግሞ ወገቧ እንደ ክር የቀጠነና ረጅም ነው። ከውሃ ዳር እርጥብ ጭቃ እያድበለበለች በአፏ ታመጣለች። እርሷ መጀመሪያ ቤቱን ትሠራለች። ቤቱ ካለቀ በኋላ ትናንሽ ሸረሪቶችን እየነደፈች ታመጣና ትሞላዋለች። አንዳንዴ በአንዱ ጓዳ ከአሥር በላይ ይገኛሉ። እንቁላሏንም እዚያው ትጥልና አፉን በጭቃ ትመርገዋለች።

እንግዲህ እኚያ እናት ያዩት ልክ ነበር። አንደኛዋ ለአንድ ልጅ አንድ ሸረሪት ታዘጋጃለች። ሁለተኛዋ ለአንድ ልጅ ብዙ ሸረሪት ታዘጋጃለች። አንደኛዋ አድና ቤት ትሠራለች፤ ሁለተኛዋ ቤት ሠርታ ታድናለች።

ዘመድ ማለት ምን ማለት ነው?

ዘመድ መቁጠር ለእኛ ለገጠር ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ልጅ ለመዳር ስንነሳ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። በእኛ አቆጣጠር እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በነበረው የርስት ሥርዓት በብዙ ቦታ ርስት የሚጠይቅ ሰው ሐረጉን ከአቅኚው አባት ጀምሮ ቆጥሮ፣ ምስክር አቁሞ ነበር የሚከራከረው። «አፍንጫዬ የእርሱን አፍንጫ ይመስላል» ብሎ ርስት ያገኘ ሰው አልነበረም። ዳኛው የሚጠይቀው «ከማን ተወለድክ?» ብሎ ነው።

ዘመድነት ማለት እንግዲህ የጋራ አያት ማለት ነው። የጋራ አያቱ በቀረበ ቁጥር ዘመድነቱ ይጠብቃል። የጋራ አያቱ በራቀ ቁጥር ዘመድነቱ ይሳሳል። የአንድ አባት ልጆች ወንድማማች ናቸው። የአንድ አያት ልጆች ግን የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው። የእንስሳትና የነፍሳት ዘመድነትም የሚቆጠረው በዚሁ መንገድ ነው።

በስምና በመልክ ብቻ ብንሄድ ግን እንሳሳታለን። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። መልስ ሰጠች እንጂ ዘሯን አልተናገረችም። የሌሊት ወፍንም እንመልከት። ስሟ ወፍ ነው፤ ክንፍም አላት። ነገር ግን እንቁላል አትጥልም፤ ትወልዳለች፤ ልጇንም ጡት ታጠባለች። ስለዚህ ከዶሮና ከእርግብ ይልቅ ለላምና ለውሻ ትቀርባለች። ምስጥም እንዲሁ ነው። በመልኩና በብዛት አብሮ በመኖሩ ጉንዳን ይመስላል። ሐረጉ ሲቆጠር ግን የምስጥ የቅርብ ዘመድ በረሮ ነው።

ታዲያ አንድ አያት የነበራቸው ነገሮች እንዴት ይህን ያህል ይለያያሉ? ይህንም ገበሬ ያውቀዋል። ገበሬ ከማሳው ጥሩውን ማሽላ መርጦ ለዘር ያስቀምጣል። ሌላው ገበሬ ደግሞ ለራሱ አፈር የሚስማማውን ይመርጣል። ዘመን ሲያልፍ ዘሩ ይለያያል። ቻርልስ ዳርዊን የተባለ የእንግሊዝ ሊቅ በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ ተፈጥሮም እንደዚሁ ትመርጣለች ሲል አስረዳ። ልጅ ከወላጁ ጥቂት ይለያል። ልዩነቱ ለመኖር የጠቀመው ብዙ ልጅ ይተካል፤ ያልጠቀመው እያነሰ ይሄዳል። ይህ በሚሊዮን በሚቆጠር ዓመት ሲደጋገም ከአንድ አያት ብዙ ወገን ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። የዳርዊንን ዓመትና ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸውን ዓመታት የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሊቃውንትም ተሳስተዋል

በዋርካው ሥር እኛ የሠራነውን ስህተት ከእኛ በፊት ታላላቅ ሊቃውንት ሠርተውታል። ካርል ሊኔየስ የተባለ የስዊድን ሊቅ በ1758 እንስሳትንና ነፍሳትን ሁሉ በየወገናቸው መደበ። አንዲት ጎታች ተርብ «ስፌክስ» በሚባል ወገን ውስጥ አስገባት። ስሟንም የመንገዷ ተርብ እንደማለት አደረገው። ከዚያ በአፍሪካና በደቡብ አውሮፓ የምትገኘውን አንዲት ጭቃ ሠሪ ደግሞ በዚያው በ«ስፌክስ» ወገን ውስጥ ጻፋት። ሁለቱም ቀጭን፣ ሁለቱም ተናዳፊ፣ ሁለቱም አዳኝ ነበሩና ሽማግሌው እንዳሉት እህትማማች አደረጋቸው።

በ1800ዎቹ መጀመሪያ ፒዬር ላትሬይ የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ ጎታቾቹን ለብቻቸው ለየ። ለራሳቸው አንድ ቤተ ዘመድ ሰጣቸው። ይህ ቤተ ዘመድ በሊቃውንት ቋንቋ «ፖምፒሊዴ» ይባላል። የጎታቾቹ ሁሉ ምልክት በደረታቸው ጎን ላይ የምትገኝ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር ናት። የከብት ምልክት በጆሮው ላይ እንደሚታወቅ የጎታቿም ወገን በዚህች መስመር ይታወቃል።

እንግዲህ ከጭቃ ሠሪዋ ተለዩ። ግን የጎታቾቹ የቅርብ ዘመድ ማን ነው? በ1975 ዴኒስ ብራዘርስ የተባለ ሊቅ የነፍሳቱን አካል በጥንቃቄ አመሳክሮ ሐረግ አወጣ። በእርሱ አቆጣጠር ጎታቾቹ፣ ጉንዳኖችና በቡድን የሚኖሩት ተናዳፊ ተርቦች አንድ ትልቅ ወገን ሆኑ። ብዙ ሊቃውንትም ለ30 ዓመት ያህል በዚህ ተስማምተው ቆዩ። ይሁንና የሰውነት ቅርጽ ብቻውን ሙሉ ምስክር አልነበረም። ሌላ ምስክር መጣ።

አዲሱ ምስክር

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በሰውነቱ ውስጥ የዘር ጽሑፍ አለው። ሊቃውንት ዲ.ኤን.ኤ. ይሉታል። ጽሑፍ ያልነው ምሳሌ እንዲሆን ነው። በቀለም አልተጻፈም፤ በዓይን የማይታዩ አራት ዓይነት ቅንጣቶች እንደ ክር ተሰካክተው የሚገኙበት ነው። የእኛ ፊደል ብዙ ሆሄያት አሉት። በዘር ጽሑፍ ውስጥ ያሉት «ፊደሎች» ግን አራት ብቻ ናቸው። ወላጅ ይህን ጽሑፍ ገልብጦ ለልጁ ያወርሳል።

አሁን ድሮ በብራና መጽሐፍ ይገለብጡ የነበሩትን ጸሐፊዎች እናስብ። አንድ ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ሳተ እንበል። ከእርሱ መጽሐፍ የሚገለብጡ ሁሉ ያችን ስህተት ይወርሳሉ። ከሌላ መጽሐፍ የገለበጡት ግን ያች ስህተት የለችባቸውም። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በኋላ አሥር ዳዊት ቢቀርብልንና ስህተቶቻቸውን ብናስተያይ የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ ማወቅ እንችላለን። ማን እንደገለበጠው መጠየቅ አያስፈልገንም። ስህተቱ ራሱ ይመሰክራል።

የዘር ጽሑፍም ሲገለበጥ እንዲሁ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይለወጣል። ለውጡ ወደ ልጅ ልጅ ይወርዳል። ሊቃውንት የተርብን፣ የንብንና የጉንዳንን የዘር ጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀምጠው አነበቡ። ያገኙት ነገር ብዙዎችን አስገረመ።

በ2008 በአሜሪካ በዩታ ግዛት ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች የ1975ቱ ትልቅ ወገን አንድ ሐረግ እንዳልሆነ አሳዩ። በ2013 ደግሞ በካሊፎርኒያ ያሉ ሌሎች ተመራማሪዎች ጉንዳን ከተርቦቹ ይልቅ ለንብ ወገን እንደሚቀርብ አገኙ። በ2017 የወጡ ሰፊ ጥናቶችም ይህንኑ አጸኑ።

ውጤቱን ባጭሩ እንናገር።

አንደኛ፤ ጭቃ ሠሪዋ የንብ ዘመድ ናት። ንብ ራሷ የወጣችው ከእንደነዚህ ያሉ አዳኝ ተርቦች ሐረግ ነው። የንብ የጥንት አያት ለልጆቿ ሥጋ ታመጣ ነበር። ከጊዜ በኋላ አደኑን ትታ የአበባ ዱቄት ማምጣት ጀመረች። በቀፏችን ውስጥ ያለችው ንብ እንግዲህ አደን የተወች ተርብ ናት ቢባል ሐሰት አይደለም።

ሁለተኛ፤ ጉንዳን ከቡድን ተርብ ይልቅ ለንብና ለጭቃ ሠሪዋ ይቀርባል።

ሦስተኛ፤ ጎታቿ ከእነዚህ ከሁሉም ራቅ ያለች ናት። ከቅርብ ዘመዶቿ አንዷ ሴቷ ክንፍ የሌላት፣ ሰውነቷ በፀጉር የተሸፈነ፣ መሬት ለመሬት የምትሮጥ ተናዳፊ ናት። ይህችን ያየ ሰው ሁሉ «ጉንዳን ናት» ይላል። ጉንዳን አይደለችም። ክንፏን የተወች ተርብ ናት።

ስለዚህ ለሽማግሌው መልሳችን ይህ ነው። ጎታቿና ጭቃ ሠሪዋ እህትማማች አይደሉም። የጋራ አያታቸው እጅግ የራቀ ነው። ጭቃ ሠሪዋ ከጎታቿ ይልቅ ለንብና ለጉንዳን ትቀርባለች። ሁለቱ ሸረሪት ማደንን የጀመሩት በየራሳቸው መንገድ ነው። ሁለት ሸማኔዎች አንድ ዓይነት ጋቢ ስለሚሸምኑ ብቻ ወንድማማች አይሆኑም።

የጎታቾቹ ቤተ ዘመድ

አሁን ወደ ጎታቾቹ ቤት እንግባ። በዓለም ላይ ስም የተሰጣቸው የጎታች ተርብ ዝርያዎች ወደ 5,000 ይደርሳሉ። በአፍሪካም በብዛት ይገኛሉ። በ2015 ሴሲሊያ ዋይከርትና ባልደረቦቿ ከዘር ጽሑፋቸው አራት ክፍሎችን አንብበው ሐረጋቸውን አወጡ። በዚህ ቆጠራ መሠረት ቤተ ዘመዱ አምስት ቤት አለው። አንድ አባት አምስት ልጆች ወልዶ እያንዳንዱ ጎጆ እንደወጣ አድርጋችሁ አስቡት።

የመጀመሪያው ቤት ፔፕሲኔ ይባላል። ትላልቆቹ ጎታቾች እዚህ ናቸው። በአሜሪካ አህጉር የሚኖሩ አንዳንዶቹ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ የሚያድኑትም ፀጉራሙን ግዙፍ ሸረሪት ነው። በአፍሪካም የእነርሱ የቅርብ ዘመዶች አሉ።

ሁለተኛው ቤት ፖምፒሊኔ ይባላል። ብዙዎቹ በአሸዋና በለስላሳ አፈር ውስጥ ቆፋሪዎች ናቸው።

ሦስተኛው ቤት ክቴኖሴሪኔ ይባላል። የዚህ ቤት ልጆች በአፍሪካ፣ በአውስትራሊያና በደቡብ አሜሪካ ይገኛሉ። ከእነርሱ መካከል ጉድጓዱን በመዝጊያ የሚዘጋውን ሸረሪት ከነቤቱ የሚያጠቁ አሉ።

አራተኛው ቤት ኖቶሲፊኔ ይባላል። የሚኖሩት በአሜሪካ አህጉር ነው።

አምስተኛው ቤት ሴሮፓሊኔ ይባላል። እነዚህ ሌቦች ናቸው። ስለ እነርሱ ወደ ኋላ እንነግራችኋለን።

እነዚህን አምስት ቤቶች አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? በደረታቸው ጎን ያለችው መስመር አንዷ ናት። ሌላው እኚያ እናት ያስተዋሉት ነገር ነው። በዚህ ቤተ ዘመድ ለአንድ ልጅ የሚመደበው አንድ ሸረሪት ብቻ ነው። ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ በጉድጓድ ይቀበር በጭቃ፣ ቁጥሩ አንድ ነው። እኛ መጽሐፍ አገላብጠን ያገኘነውን እኚያ እናት የጭቃውን ቤት ሰብረው አግኝተውታል።

የዛሬዎቹ ጎታቾች የጋራ አያትስ መቼ ነበር የኖረው? የ2015ቱ ጥናት ከ40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይላል። ከዕድሜያቸው ምስክሮች አንዱ ሙጫ ነው። የዛፍ ሙጫ ሲፈስ ነፍሳት እንደሚጣበቁበት ታውቃላችሁ። በአውሮፓ በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየና እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሙጫ ይገኛል። በውስጡም ጎታች ተርቦች ተጣብቀው ቀርተዋል። እግራቸውና ክንፋቸው ሳይቀር ይታያል።

ሥራ ብቻውን ዘመድ አያደርግም

ሥራን አይቶ ዘመድ መቁጠር እንዴት እንደሚያሳስት ከጎታቾቹ ቤት ሁለት ምሳሌ እንስጥ።

አንደኛው ምሳሌ ጭቃ ነው። ከጎታቾቹ መካከል አውፕሎፐስ የሚባሉ ትናንሽ ተርቦች አሉ። እነርሱም እንደ ጭቃ ሠሪዋ ከጭቃ ትናንሽ ጋኖች የመሰሉ ጓዳዎች ይሠራሉ። ስለዚህ በዚያ ዋርካ ሥር አንድ ሰው ተነስቶ «ጭቃ የምትሠራ ሁሉ አንድ ወገን ናት» ቢል ኖሮ እርሱም ይሳሳት ነበር። የአውፕሎፐስን ጓዳ ሰብረን ብናይ ግን ምስጢሩ ይወጣል። በውስጡ ያለው አንድ ሸረሪት ብቻ ነው። ተርቧ ለመሸከም እንዲቀላት ብዙ ጊዜ እግሮቹን ቆርጣ ትጥላቸዋለች። ቤቱ የጭቃ ቢሆንም የቤተ ዘመዱ ልማድ አልጠፋም።

ሁለተኛው ምሳሌ ሌብነት ነው። ቀደም ብለን የጠቀስናቸው ሴሮፓሊኔዎች የራሳቸውን ሸረሪት አያድኑም። ሌላዋ ጎታች ደክማ ያደነችውን ሸረሪት ስትጎትት ሌባዋ ተደብቃ ትከተላታለች። ባለቤቲቱ ዘወር ስትል ሌባዋ በሸረሪቱ መተንፈሻ ውስጥ እንቁላሏን ሸጉጣ ትሄዳለች። ባለቤቲቱም ሳታውቅ ሸረሪቱን ከነሌባው እንቁላል ትቀብራለች። የሌባዋ ልጅ ቀድሞ ይፈለፈልና የባለቤቲቱን ልጅ አጥፍቶ ስንቁን ይወርሳል።

በፖምፒሊኔ ቤትም ኤቫጌቴስ የሚባሉ ሌቦች አሉ። የእነርሱ ዘዴ ግን ሌላ ነው። የተደፈነውን ጉድጓድ ቆፍረው ይገባሉ፤ የባለቤቲቱን እንቁላል ይበሉና የራሳቸውን በቦታው ይተካሉ። ሁለቱም ሌቦች ናቸው፤ ግን ከአንድ ሌባ አባት አልወረሱትም። ሌብነቱ በሁለት ቤት ለየብቻው ነው የተነሳው።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል?

ከእናንተ መካከል «የተርብ ዘር ብንቆጥር እህል አይሆነን» የሚል ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው ጥቅም ከከንቱ ፍርሃትና ከከንቱ ግድያ መዳን ነው። ተርብ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጎጇቸው ሲነካ በመንጋ የሚናደፉትን ነው። ጎታቿ ግን ብቻዋን የምትኖር ናት። የምትጠብቀው መንጋ የለም፤ ሰውም አታሳድድም። በእጅ ከተያዘች ወይም በባዶ እግር ከተረገጠች ግን ትነድፋለች። የምትናደፈው ሴቷ ብቻ ናት። የትላልቆቹ ንድፊያ ያማል። ጀስቲን ሽሚት የተባለ፣ በ2023 ያረፈ አሜሪካዊ ሊቅ የነፍሳትን ንድፊያ በሕመሙ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ሰጥቶት ነበር። ለማር ንብ 2 ሲሰጥ ለአሜሪካዋ ትልቅ ጎታች የመጨረሻውን 4 ሰጣት። ሆኖም ያ ብርቱ ሕመም የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ልጆች በእጃቸው እንዳይዟት እንምከራቸው። በማንኛውም ነፍሳት ተነድፎ ፊቱ ያበጠ ወይም መተንፈስ ያቃተው ሰው ካለ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

ሁለተኛው ጥቅም የእያንዳንዱን ነፍሳት ሥራ በትክክል መመዘን ነው። ጎታቿ ሸረሪት ስለምታጠፋ ብቻ የገበሬ ወዳጅ ናት አንልም። ሸረሪትም በማሳችን ውስጥ ዝንብና ሌላ ተባይ ይይዛልና። ነገር ግን ጎታቿ ከአበባ አበባ ስትዞር የአበባ ዱቄት ታዳርሳለች። በደቡብ አፍሪካ ከትላልቆቹ ጎታቾች በቀር ሌላ አዳራሽ የሌላቸው አንዳንድ አበቦች እንዳሉ በጥናት ታውቋል። እነዚህ ተርቦች ቢጠፉ አበቦቹም ዘር አያፈሩም።

ሦስተኛውና ትልቁ ጥቅም ግን የአስተሳሰብ ነው። በዋርካው ሥር እኛ የተማርነው ሰዎች ቸኩለን ፈረድን። እኚያ እናት ግን ሸረሪት ቆጠሩ። ሊኔየስ ተሳሳተ፤ ላትሬይ አረመው። የ1975ቱን ሐረግ በ2008 ሌሎች አረሙት። የነገ ሰዎችም የ2015ቱን ቆጠራ በአንድ ነገር ያርሙት ይሆናል። በዚህ የሚያፍር ሰው የለም። የሚያሳፍረው ምስክር ከቀረበ በኋላ በስህተት መጽናት ነው።

ወደዚያ ቀበሌ ስንመለስ ለሽማግሌውና ለእኚያ እናት ይህንኑ እንነግራቸዋለን። እናንተም እስከዚያው አንድ ሥራ ሥሩልን። ያረጀና ተርቧ ወጥታ የተወችው የጭቃ ቤት በግድግዳችሁ ላይ ካለ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። በውስጡ የሸረሪት እግርና ቆዳ ትርፍራፊ ታገኙ ይሆናል። የስንት ሸረሪት እንደሆነ ለመቁጠር ሞክሩ። ያያችሁትን በደብተራችሁ ላይ ከነቀኑ ጻፉት፤ በሚቀጥለው ስብሰባም አንብቡት። ተናጋሪ የሚናገረውን ብቻ አትመኑ፤ እኛንም ጨምሮ።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጎታቿና ጭቃ ሠሪዋ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?

2. የጎታቿ መርዝ ሸረሪቱን ገድሎት ቢሆን ኖሮ ለልጇ ምን ጉዳት ይኖረው ነበር?

3. ከብራና መጽሐፍ አገለባበጥ ጋር የተመሳሰለው ምንድን ነው? ምሳሌውን በራሳችሁ ቃል አስረዱ።

4. በአካባቢያችሁ በስማቸው ወይም በመልካቸው ዘመድ የሚመስሉ፣ ግን ዘመድ ላይሆኑ የሚችሉ እንስሳት ወይም ዕፀዋት አሉ? እንዴት ታረጋግጣላችሁ?

5. እኚያ እናት ትክክለኛውን ምልክት ሊያገኙ የቻሉት ለምንድን ነው?